ልጄ 8 ቁጥር ማሊያ ደረሰው፤ ስለ ካል ሪፕከን እናውራ

የሾርትስቶፕ አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ ቤዝቦል ይጫወታል፤ ቦታው ሾርትስቶፕ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማሊያ ሲታደል 8 ቁጥር ደረሰው። አሰልጣኙ ትከሻውን መታ አድርጎ «የካል ቁጥር ነው፣ ያዘው» አለው። ልጁ ቤት ደርሰን እራት እስኪበላ ድረስ ማሊያውን አላወለቀም።

እኔ እግር ኳስ እያየሁ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሜሪላንድ 14 ዓመት ስኖር የካል ሪፕከንን ስም ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። የማውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለባልቲሞር ኦሪዮልስ ከሜይ 30 ቀን 1982 እስከ ሴፕቴምበር 1998 ድረስ 2,632 ጨዋታ በተከታታይ ተጫወተ። አንድም ቀን አልቀረም።

ሰሞኑን ልጁ ሲተኛ የድሮ ጨዋታዎቹን ቁጭ ብዬ ሳይ ከረምኩ። አንድ ነገር ከነከነኝ። ያ ትልቅ ቁጥር ሰውየውን ጋርዶታል። ስለ ካል ሲወራ «ከሥራ የማይቀር ሰው» ይባልና ወሬው ያልቃል። ግን እኮ ስላልቀረ ብቻ ማንም ሾርትስቶፕ ላይ 15 ዓመት አይቆምም። እዚያ ያቆየው ሥራውን ማወቁ ነው።

አንዱን ኳስ ደጋግሜ አየሁት። ፒቸሩ፣ ማለትም ለመቺው ኳስ የሚወረውረው ተጫዋች፣ ሊወረውር ሲል ካል ወደ ግራው ሁለት እርምጃ ይሄዳል። ኳሷ ገና አልተመታችም። ስትመታ ቀጥ ብላ ወደ እሱ ትመጣለች። አይዘልም፣ አይንሸራተትም። ጓንቱን መሬት አስነክቶ ይጠብቃታል። ቀኝ እጁ ከላይ ይከድናታል። አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ውርወራ። በቃ። ቀላል ይመስላል። እኔም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ጓሮ ወጥቼ ልጄን ላለማምደው ስሞክር ግን ኳሷ በእግሬ መሀል ሦስት ጊዜ አለፈችኝ።

በዓይናችሁ ያያችሁት ካላችሁ እባካችሁ አጫውቱን። ለልጄም አነብለታለሁ።

ልደታ፦

ወንድሜ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ቤዝቦል በፊልም ካልሆነ አይቼ አላውቅም። ሾርትስቶፕ ማለት ምን ማለት ነው? በረኛ ነው? ተከላካይ? ደግሞ 2,632 ጨዋታ ስትል በዓመት ስንት ይጫወታሉ? የኛ ሊግ እኮ 30 ጨዋታ እንኳ ከብዶት ያውቃል።

የሾርትስቶፕ አባት፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እንደገባኝ ልንገርህ። ሜዳው ላይ አራት ማዕዘን ሆነው የተቀመጡ አራት ቤዞች አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው 27 ሜትር ከግማሽ ገደማ ነው። ኳስ የመታው ሰው ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሮጣል። ኳሷ ቀድማው እዚያ ከደረሰች ወጣ። እሱ ከቀደማት ተረፈ። ሾርትስቶፕ የሚቆመው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሀል ነው። አብዛኛው መቺ ቀኝ እጅ ስለሆነ መሬት ለመሬት የምትመጣ ኳስ በብዛት ወደ እሱ ትሄዳለች። ውርወራውም ረጅም ነው፤ ሜዳውን አቋርጦ ነው የሚወረውረው። ሯጩ መጀመሪያው ቤዝ ላይ ለመድረስ ከአራት ሰከንድ ብዙ አይፈጅበትም። በዚያች ጊዜ ውስጥ ኳሷን ማንሳት፣ እግርን ማስተካከል፣ መወርወር አለበት። እንደ እግር ኳስ ብታየው የመሀል ተከላካይና አማካይ አንድ ላይ የሆኑበት ቦታ ነው።

በዓመት 162 ጨዋታ አላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ይጫወታሉ ማለት ይቻላል። ከተማ ከተማ እየዞሩ።

ልደታ፦

162?! በቃ ገባኝ። ወሬውን ቀጥሉ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብያለሁ።

የባልቲሞር ነዋሪ፦

ልጄ፣ በዓይኔ ያየሁት እኔ አለሁ። ባልቲሞር የገባሁት በ1981 ነው። ዕድሜዬ 70 አልፏል። አሁን ያለው ስታዲየም አልተሠራም ነበር። ሜሞሪያል ስታዲየም የሚባለው 33ኛው መንገድ ላይ ነበር፤ ቤቴም ሩቅ አልነበረም። በጋ ማታ የሕዝቡ ጩኸት በመስኮት ይገባ ነበር።

ካል የመንደር ልጅ ነው። አበርዲን ነው ያደገው፤ ከባልቲሞር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ናት። አባቱ፣ እሱም ካል ነው ስሙ፣ ዕድሜውን ሙሉ ለኦሪዮልስ በትንንሽ ሊጎች እያሠለጠነ የኖረ ሰው ነው። ልጁ ከሕፃንነቱ አባቱን ተከትሎ ሜዳ ለሜዳ ዞሯል። አባትየው መልመድ ብቻውን አይበቃም፤ በትክክል መልመድ ነው የሚያስፈልገው የሚል ሰው ነበር። ያ ጓንት መሬት የማስነካት ነገር ከዚያ ነው የመጣው።

አንተ ያየኸውን ሁለት እርምጃ ልንገርህ። ካል ፈጣን አልነበረም። 1 ሜትር ከ93 የሚሆን ግዙፍ ሰው ነው። ያኔ ሾርትስቶፕ ሲባል ቀጫጫ፣ ትንሽ፣ እንደ ጥንቸል የሚፈናጠር ሰው ነበር የሚታሰበው። ከነሱ ብዙ መምታትም አይጠበቅም። ካል በ1982 ዓመቱን የጀመረው ሦስተኛው ቤዝ ላይ ነው። ጁላይ 1 ቀን አሠልጣኙ ኧርል ዊቨር ሾርትስቶፕ ላይ አቆሙት። ቡና ቤት ውስጥ ያልተቃወመ ሰው አልነበረም። ይህ ግንድ እንዴት አድርጎ ጎንበስ ይላል እያልን።

ሰውየው ግን በእግሩ የጎደለውን በጭንቅላቱ ሞላው። ኳስ የሚቀበለው ተጫዋች ለፒቸሩ ምን ምልክት እንደሰጠ ያያል። መቺው ማን እንደሆነ ያውቃል። ይህ ሰው ይህችን ዓይነት ውርወራ ወዴት ይመታል? ያንን አስቦ ቀድሞ እዚያ ይቆማል። እኛ ከላይ ሆነን ስናይ ኳሷ ፈልጋው የምትመጣ ይመስለን ነበር። በ1984 ሾርትስቶፕ ሆኖ 583 ጊዜ ኳስ አንስቶ ሰው በማስወጣት ተሳተፈ። በአሜሪካን ሊግ ታሪክ እንደዚያ ያደረገ ሾርትስቶፕ አልነበረም።

በ1983 ደግሞ ዋንጫውን ስንበላ የመጨረሻዋን ኳስ በአየር የያዛት እሱ ነው። ፊላደልፊያ ላይ ነበር። የዚያ ዓመት የሊጉ ምርጥ ተጫዋችም እሱ ነበር፤ 23 ዓመቱ ነው።

ቁጥር ወዳድ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ነው የምፈልገው። እኔ አንድ ልጨምር። በ1990 ካል ዓመቱን ሙሉ ሾርትስቶፕ ላይ የሠራው ስህተት ሦስት ብቻ ነው። ሦስት! 95 ጨዋታ በተከታታይ አንድም አልተሳሳተም። ሆኖም በየቦታው ኳስ በመያዝ ምርጥ ለሆነው የሚሰጠውን የወርቅ ጓንት ሽልማት ለሌላ ሰጡት። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ሽልማቱ ዘግይቶ በ1991 እና በ1992 ደረሰው። ሰው የሚያየው ዘሎ የሚይዘውን ነው። ቀድሞ ቦታው ላይ የቆመውን ማን ያያል?

ሌሊት ፈረቃ፦

ሰላም ወንድሞቼ። አንድ የተለየ ሐሳብ አለኝ፤ እንዳትቀየሙኝ።

ነርስ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከሌሊት ፈረቃ አንድም ቀን አልቀረሁም። እኮራበት ነበር። ወገቤን ሲያመኝ ኪኒን ውጬ እገባለሁ። የሰው ፈረቃም እሸፍናለሁ። አለቆቼ «አንቺ እኮ ብረት ነሽ» ይሉኛል። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ለመውረድ እግሬ እምቢ አለኝ። ሦስት ወር ተኛሁ። በፈረቃው ሰንጠረዥ ላይ ስሜ የነበረበት ቦታ በሁለተኛው ቀን በሌላ ሰው ተሞላ።

ስለዚህ አንድም ቀን አልቀረም ሲባል እጄ ለጭብጨባ አይነሳም። ባለቤቴ የኦሪዮልስ ደጋፊ ስለሆነ ነገሩን እሰማለሁ። በ1990 የካል የመምታት አማካይ 0.250 ነበር፤ ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ተሳካ ማለት ነው። በ1992 0.251። ያኔም ይረፍ፣ ለቡድኑ ሳይሆን ለሪከርዱ ነው የሚጫወተው ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ እውነታቸውን ይመስለኛል። ሁለት ሦስት ቀን ቢያርፍ ምን ነበረበት?

የሾርትስቶፕ አባት፦

እህቴ፣ እንኳን ተነሳሽ። ይህን ስለጻፍሽልን አመሰግናለሁ። ምንም ቅያሜ የለም።

ጥያቄሽ እኔንም ይዞኛል። ሁለት ነገር ልበል። በ1990 እና በ1992 መሀል 1991 አለች። ያን ዓመት 0.323 መታ፤ 34 ሆምረን መታ (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጪ የሚያሳልፍ ምት ነው)፣ 114 ነጥብ አስገባ፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ምርጥ ተባለ። ያኔም አላረፈም። ድካሙ ቢሆን ኖሮ በ1991 እንዴት ተነሳ? ሁለተኛ፣ ኳስ መምታቱ ሲቀዘቅዝ እንኳ መያዙ አልቀዘቀዘም። ሦስት ስህተት የሠራው በዚያው 0.250 በመታበት ዓመት ነው። ለዚህ ነው ቁጥሩ ሰውየውን ጋረደው ያልኩት። መምታቱ ሲጠፋበትም ቡድኑ የሚፈልገው ሥራ ነበረው።

ግን ልክ ነሽ፣ ያስፈራል። በ1993 ከሲያትል ጋር ሜዳ ላይ ድብድብ ተነስቶ ጉልበቱ ተጣመመ። በማግስቱ ጠዋት እግሩ አልሸከም ብሎት ነበር። ማታ ገብቶ ተጫወተ። እኔ አባቱ ብሆን ምን እለው ነበር? አላውቅም።

የባልቲሞር ነዋሪ፦

አባቱ ምን እንዳደረገ ልንገርህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር ነው። ካል ጨዋታ ብቻ አይደለም ያልቀረው። 8,243 ኢኒንግ በተከታታይ አልወጣም። ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች በየተራ የሚመቱበት ዙር ነው። ከአምስት ዓመት በላይ አንዲት ደቂቃ አልተቀየረም ማለት ነው። በ1987 አባትየው የቡድኑ ዋና አሠልጣኝ ሆነ። ታናሽ ወንድሙ ቢሊም በዚያው ክረምት ሁለተኛው ቤዝ ላይ መጣ። አባት ሁለት ልጆቹን በአንድ ጊዜ ሲያሠለጥን በትልቁ ሊግ የመጀመሪያው ነበር።

ሴፕቴምበር 14 ቶሮንቶ ላይ 18 ለ 3 ተቀጣን። አሥር ሆምረን ነው የገባብን። በስምንተኛው ኢኒንግ አባትየው ልጁን አስወጣው። ሕዝብ አላዘዘውም፣ ጋዜጣ አላዘዘውም። ይህ ነገር ልጄ ላይ ሸክም ሆኗል ብሎ አንስቶ ጣለለት። ካል ተቀመጠ። ቀጥሎ ባለው ጨዋታ ተመለሰ።

አባትየውን በሚቀጥለው ዓመት ስድስት ጨዋታ ተሸንፎ አባረሩት። ቡድኑ እሱ ከሄደም በኋላ እስከ 21 ድረስ ተሸነፈ። 0 ለ 21! ከተማው ሐዘን ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። ካል ያንን ሁሉ ቀን ሜዳ ላይ ነበር። አባቱን ላባረረ ቡድን። ያኔ ቢቀር ማን ይፈርድበት ነበር? እህቴ፣ የአንቺን ሕመም አላቃልልም። እኔም ጉልበቴን ለሥራ ሰጥቼ በከዘራ ነው የምሄደው። ግን እሱን በዚያ ወር ካየሁት በኋላ ለሪከርዱ ነው የሚጫወተው የሚለውን ነገር መቀበል አቃተኝ።

ሌሊት ፈረቃ፦

ጋሼ፣ የአባትየውን ነገር አላውቅም ነበር። ያ ልብ ይነካል። አንስቶ ጣለለት ያሉት ቃል። እኔን ማንም አላነሳልኝም።

ፓርኪንግ ዲሲ፦

የ1995ቱን እስካሁን ማንም አላነሳውም፤ እኔ ልጻፍ።

አሜሪካ የገባሁት በዚያ ክረምት ነው። ዋሽንግተን መሀል ከተማ አንድ ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። የምቀመጥባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት አንቴናዋ በሽቦ የታሰረ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች። ቀኑን የማልረሳው በኛ ጳጉሜን 1 ስለነበር ነው፤ እንቁጣጣሽ ስድስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሆድ ብሶኝ ነበር። ቤት መደወያ ካርድ እንኳ አልነበረኝም።

ማታ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ደንበኛ መኪናውን ሊወስድ መጣ። ቁልፉን ሳቀብለው አልተቀበለኝም። ዓይኑ ቴሌቪዥኗ ላይ ነው። ሌላ ሰው መጣ፣ እሱም ቆመ። ሴትዮ መጣች፣ ቆመች። በመጨረሻ ሰባት ስምንት ሰው መስኮቴ ላይ ተደርድሯል።

ባልቲሞር ካምደን ያርድስ ነው። ከሜዳው ማዶ ያለው ረጅም ቀይ የጡብ መጋዘን ላይ 2,130 የሚል ትልልቅ ጨርቅ ተሰቅሏል። አምስተኛው ኢኒንግ አጋማሽ ላይ ጨዋታው ይፋዊ ሆነ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ቢቋረጥም ይቆጠራል ማለት ነው። የመጨረሻው ጨርቅ ተገለጠ፣ 2,131 ሆነ። ሉ ጌህሪግ የሚባል የድሮ የኒው ዮርክ ያንኪስ ተጫዋች በ1939 ያቆመው የተከታታይ ጨዋታ ሪከርድ ነው የተሰበረው፤ 56 ዓመት የቆየ።

እንግሊዝኛ እምብዛም አይገባኝም ነበር። ግን አላስፈለገኝም። ቴሌቪዥን ላይ የሚያወሩት ሰዎች ዝም አሉ። ረጅም ደቂቃ ማንም ቃል አልተነፈሰም። የሚሰማው የሕዝብ ጩኸት ብቻ ነው። ካል ወጥቶ እጁን ያነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። እንደገና ይጠሩታል። በኋላ ሁለት የቡድን ጓደኞቹ ገፍተው ሜዳ አወጡት። ስታዲየሙን ዙሪያውን ዞረ። ሕዝቡን በእጅ እየጨበጠ፣ ፖሊሶቹን፣ ሜዳ የሚጠርጉትን ሠራተኞች ሳይቀር። ተጋጣሚዎቹ የካሊፎርኒያ ተጫዋቾችም ወጥተው ያጨበጭባሉ። ከ22 ደቂቃ በላይ ነው የፈጀው። ማሊያውን አውልቆ ለልጆቹ ሲሰጥ ከሥሩ የለበሰው ቲሸርት ላይ ለአባቢ ከ2,130 በላይ እቅፍና መሳም የሚል ነገር ተጽፎበት ነበር። ምን እንደሚል ሴትዮዋ በእጇ እያሳየች አስረዳችኝ፤ እንደ ማቀፍ አድርጋ።

አለቃዬ ወርዶ ሰልፉን አየና ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ከዚያ ቴሌቪዥኗን አየ። እሱም ቆመ።

ቁጥር ወዳድ፦

ወንድሜ፣ አስለቀስከኝ።

ያ ማታ ለምን እንዲያ እንደሆነ ለማያውቁ ልጨምር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከኦገስት 12 ጀምሮ ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መትተው ነበር። የ1994 የዓለም ተከታታይ ዋንጫ ተሰረዘ። ከ1904 ወዲህ ያልሆነ ነገር ነው። ሕዝቡ ተቀይሞ ስታዲየም መግባት ቀንሶ ነበር። ሚሊዮን ስለሚያገኙ ሰዎች ጭቅጭቅ የሰለቸው ሕዝብ፣ በየቀኑ መጥቶ ሥራውን የሚሠራ ሰው ሲያይ ታረቀ። በዚያው ማታ በአራተኛው ኢኒንግ ካል ሆምረን መትቷል።

ደግሞ የዓለም ሪከርድ ያኔ የሱ አልነበረም። የጃፓኑ ሳቺዮ ኪኑጋሳ ነበር፣ የሂሮሺማ ካርፕ። ብዙውን ዘመኑን በሦስተኛው ቤዝ የተጫወተ፣ 2,215 ጨዋታ። በ1979 በኳስ ተመትቶ የትከሻ አጥንቱ ተሰንጥቆ በማግስቱ ወጥቶ ሞክሯል። ካል በጁን 1996 ካንሳስ ሲቲ ላይ ሲያልፈው ኪኑጋሳ ራሱ ከጃፓን መጥቶ ስታዲየም ውስጥ ነበር።

ልደታ፦

እኔ ግን አንድ ነገር። ሰውየው ከልጅነቱ እንዲህ ነበር ወይስ ኋላ የመጣ ነው?

ቁጥር ወዳድ፦

አንድ ታሪክ ይበቃሃል። ኤፕሪል 18 ቀን 1981፣ ካል ገና 20 ዓመቱ ነው፣ በትንሹ ሊግ ለሮቸስተር ይጫወታል። ተጋጣሚያቸው ፓወተኬት ነው። የፈረንጅ ፋሲካ ዋዜማ። ዘጠኝ ኢኒንግ ላይ ማለቅ የነበረበት ጨዋታ እኩል ለእኩል ሆኖ አላልቅ አለ። ብርዱ ሲበረታ ተጫዋቾቹ የተሰበረ ዱላ አንድደው ሞቁ። ሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲያልፍ 32ኛው ኢኒንግ ላይ ተቋረጠ። ስታዲየሙ ውስጥ የቀሩት ተመልካቾች 19 ነበሩ። ጁን ላይ ቀጥለው በአንድ ኢኒንግ ሮቸስተር 3 ለ 2 ተሸነፈ። 33 ኢኒንግ፤ በፕሮፌሽናል ቤዝቦል ከዚያ የረዘመ ጨዋታ የለም። ካል ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ሁሉንም ተጫወተ። 13 ጊዜ ለመምታት ቀርቦ የተሳካለት ሁለቴ ነው።

ሌሊት ፈረቃ፦

ትናንት ማታ ባለቤቴን «መጨረሻው እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። የነገረኝን ልጻፍ፤ ምክንያቱም ሐሳቤን ትንሽ የለወጠው ይህ ነው።

ሴፕቴምበር 20 ቀን 1998፣ እሁድ ማታ፣ ከያንኪስ ጋር። ካል ጨዋታው ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው አሠልጣኙ ጋ ገብቶ ዛሬ አልጫወትም አለ። አልተጎዳም። ማንም አላስገደደውም። ካል ያኔ በሚጫወትበት በሦስተኛው ቤዝ ላይ ራያን ማይነር የሚባል አዲስ ልጅ ገባ። ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። የመጀመሪያው ሰው ከወጣ በኋላ የያንኪስ ተጫዋቾች ሁሉም ተነስተው ቆመው አጨበጨቡለት። ካል ወጥቶ ኮፍያውን አነሳ፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

የወደድኩት ራሱ ማቆሙን ነው። ሉ ጌህሪግን ያቆመው በሽታ ነው። እኔንም ያቆመኝ ወገቤ ነው። እሱ በጤናው በቃኝ አለ። አሁንም ስድስት ዓመት ሳያርፉ መሥራትን ለማንም አልመክርም። እሱን ግን ካሁን በኋላ አልወቅሰውም።

የባልቲሞር ነዋሪ፦

እዚያ ነበርኩ። ከጎኔ የተቀመጠ ፈረንጅ ሽማግሌ «ተጎዳ እንዴ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ያንኪሶች ሲቆሙ ገባን። ሁለታችንም ዝም አልን።

አባትየው ይህን አይቶ ብዙም አልቆየ። በማርች 1999 አረፈ። ልጁ ያን ዓመት ጀርባውን እየታመመ 86 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ፤ አማካዩ ግን 0.340 ነበር። በዘመኑ እንደዚያ መትቶ አያውቅም። እህቴ፣ ዕረፍት ጥሩ ነው ያልሽው እዚህ ላይ ሳይረዳሽ አልቀረም።

በ2000 3,000ኛውን ምት መታ። በ2001 ደግሞ የሁለቱ ሊጎች ምርጦች በሚጋጠሙበት የከዋክብት ጨዋታ ሲያትል ላይ ሦስተኛ ቤዝ ሊቆም ሲሄድ፣ ወጣቱ ሾርትስቶፕ አሌክስ ሮድሪገዝ ቦታውን ለቀቀለትና ወደ ድሮ ቦታህ ተመለስ ብሎ ገፋው። ከዚያ መጀመሪያ የተወረወረችለትን ኳስ ሆምረን አደረጋት። 40 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 6 ተሰናበተ። በ2007 የዝና አዳራሽ ሲገባ ከ545 መራጮች 537ቱ መረጡት። ለስምንቱ ምን እንደታያቸው አልገባኝም።

የሾርትስቶፕ አባት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለልጄ አነበብኩለት። የፓርኪንጉን ሁለቴ አስነበበኝ።

ዛሬ ጨዋታ ነበረው። አራተኛው ኢኒንግ ላይ ኳስ በእግሩ መሀል አለፈችው። አንገቱን ደፋ። እኔ ከአጥር ውጪ ሆኜ ልጮህ ብዬ ተውኩት። ቀጣዩ መቺ ሲመጣ ልጁ ወደ ፒቸሩ አየ፣ ወደ መቺው አየ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ አንድ እርምጃ ሄደ። ኳሷ ወደዚያ አልመጣችም። በሌላ በኩል ሄደች። ግን አየሁት፣ አስቦ ነው የሄደው።

ጋሼ፣ አበርዲን ውስጥ በሪፕከን ስም የተሠራ ስታዲየም አለ አሉ። ልጁን ልወስደው አስቤያለሁ። ደስ ካለዎት በባልቲሞር በኩል አልፌ ልውሰድዎት?

የባልቲሞር ነዋሪ፦

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ጓንቱን እንዳይረሳ፤ ለኔም አንድ ያዙልኝ።